ያልተመዘነ ብረት
(የማኅበራችን የስፖርት ክፍል አባሎች በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)




ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ጡንቻችንን ለማሳየት አይደለም። ጡንቻ ለማየት የመጣ ሰው ቢኖር፥ አብዛኞቻችን ቀጫጮች ስለ ሆንን ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። የመጣነው ስለ አንድ ደብተር ለመናገር ነው። ደብተሩ ሁላችንም ለትምህርት የምንይዘው ዓይነት ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከእርሱ የተማርነው ነገር ለእናንተም ይጠቅማል ብለን ስላመንን፥ የማኅበሩን ሰብሳቢ ጥቂት ደቂቃ ለምነን ይኸው ቆመናል።

ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ያለችውን የብረት ክፍል ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ዕቃዋ አንድ የውሃ ቧንቧ፥ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች፥ ከጋራዥ ተለምነው የመጡ ሁለት የመኪና ቸርኬዎችና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ሠርተው ትተውልናል። በየሰፈሩ ያሉ ወጣቶችም እንዲህ ባለው ብረት ሰውነታቸውን እንደሚያጠነክሩ ስለምናውቅ በዕቃው አናፍርም። ያፈርነው በሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ውድድር የሚመስል ነገር ነበረን። ከሳምንት እስከ ሳምንት ማን ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ዛሬ ማን ብዙ ያነሣል?» የሚል ነው። ያነሣ ይጨበጨብለታል፤ ያቃተው ይሣቅበታል። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ አንድ ጓደኛችን፥ ስሜ አይጠራ ስላለን የማንጠራው፥ ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀውን ብረት ከመሬት ሊያነሣ ቀረበ። እኛም ዙሪያውን ከበን «በርታ! አይዞህ!» እያልን አጨበጨብን። ብረቱ ከጉልበቱ ከፍ እንዳለ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ ጓደኛችንም ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። ሦስት ሳምንት በጀርባው ተኛ። የአጋማሽ ፈተናውም አመለጠው።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ «አላሟሟቀም» አለ፤ ሁለተኛው «ቁርስ አልበላም» አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዐይን ነው» አለ። በመጨረሻ አንድ የምሕንድስና ተማሪ «ለመሆኑ ብረቱ ስንት ኪሎ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ዝም አልን። በጣሳዎቹ ላይ በከሰል «20» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ማን እንደ ጻፈው ግን አናውቅም። ሰኞ ዕለት ጣሳዎቹን በጋሪ ጭነን ወደ ወፍጮ ቤት ወሰድንና የእህሉ ሚዛን ላይ አወጣናቸው። ጥንድ ናቸው ከምንላቸው ሁለት «ሃያዎች» አንዱ 26 ኪሎ፥ ሌላው 22 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ወፍጮ ቤት የነበሩት እናቶች ሲሚንቶ ልናስፈጭ የመጣን መስሏቸው ሣቁብን። ሣቁ ግን ተገባን። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን አራት ኪሎ የሚበልጥ ብረት ስናነሣ፥ «እኔ እበልጣለሁ፥ አንተ ታንሳለህ» እየተባባልን ስንፎካከር፥ ምን እንደምናነሣ አናውቅም ነበር። የዚያን ቅዳሜ የትኞቹ ጣሳዎች በቧንቧው ላይ እንደ ነበሩ እንኳ ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ለጉዳቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብለን ልንፈርድ አንችልም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ግን እናውቃለን፤ ያጨበጨብነው እኛ ነን።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በዚያው ሳምንት እያንዳንዱን ጣሳ መዝነን፥ ትክክለኛ ክብደቱን በቀይ ቀለም ጻፍንበት። ባዶው ቧንቧ 7 ኪሎ ነው፤ እርሱንም ጻፍን። ከዚያም ደብተሩን ገዛን። ለእያንዳንዱ አባል የራሱ ገጾች አሉት። በየገጹ ላይ ቀኑ፥ የእንቅስቃሴው ዓይነት፥ ክብደቱ፥ ስንት ዙር ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ፥ እንዲሁም ባለፈው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደ ተተኛ ይጻፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደብተሩን ከጀመርን በኋላ ሌሎች ከእኛ በፊት ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ስለ ሚሎ የሚነገረውን ተረት ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ሚሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በደቡብ ኢጣልያ በነበረችው ክሮቶን በምትባል የግሪኮች ከተማ የኖረ፥ በኦሎምፒያ ጨዋታ ስድስት ጊዜ ያሸነፈ የትግል ሰው ነው። ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፥ ጥጃው ወይፈን ሲሆን ወይፈኑንም ተሸከመ ይባላል። ተረቱ መልካም ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ከሚለው የእኛ ምሳሌም ጋር ይስማማል። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ጥጃው የሚያድገው በራሱ ጊዜ ነው እንጂ የተሸካሚውን ጉልበት አይጠይቅም። ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ያለ ማቋረጥ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ፥ ዝሆን የሚሸከም ሰው ባየን ነበር።

ጉዳዩን ከተረት አውጥቶ በሥርዓት ያስቀመጠው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ጉልበታቸው የተጎዳ ብዙ ወታደሮች ተኝተው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ የተጎዳውን እግር በቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስ ስለ ነበረ፥ ጡንቻው ቶሎ አይመለስም ነበር። ዴሎርም ግን በልጅነቱ ታሞ በነበረ ጊዜ ብረት በማንሣት ሰውነቱን ያጠነከረ ሰው ስለ ሆነ፥ በወታደሮቹ እግር ላይ የብረት ጫማ እያሰረ ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ እንዲያነሡ አደረገ። ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 አሳተመ። በ1948 ደግሞ ከዋትኪንስ ጋር ሆኖ ሥርዓቱን አቃለለው። በመጀመሪያ በሽተኛው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ የዚያን ክብደት ግማሽ 10 ጊዜ፥ ሦስት አራተኛውን 10 ጊዜ፥ በመጨረሻም ሙሉውን 10 ጊዜ ያነሣል። ከ10 በላይ ማንሣት ሲችል ክብደቱ ይጨመርለታል። ጓደኞቻችን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚቆመው ባለፈው ጊዜ የተነሣው ምን ያህል እንደ ሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው። ያልተጻፈውን በምን ላይ እንጨምራለን?

እኛም ከዚህ በመነሣት ለራሳችን አንድ ቀላል ሕግ አወጣን። አንድ ሰው በአንድ ክብደት ሦስት ዙር ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር 8 ጊዜ ይጀምራል፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለመጨመር ይሞክራል። ሦስቱንም ዙር 12 ጊዜ በትክክል ከፈጸመና በሚቀጥለው ቀን ከደገመው፥ ትንሹን ክብደት ይጨምርና ወደ 8 ይመለሳል። ትንሹ ክብደት የምንለው ከአሮጌ ሱሪ እግር የተሰፋ የአሸዋ ከረጢት ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ሲሆን፥ በቧንቧው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይታሰራል። በመጀመሪያ ይህን ከረጢት ያየ ሁሉ «ይኼ ለምን ይበጃል?» እያለ ያፌዝ ነበር።

ለዚህ ፌዝ መልስ የሚሆን ሁለት ምስክር እንጥራ። ሶቪየታዊው ክብደት አንሺ ቫሲሊ አሌክሴየቭ ከ1970 እስከ 1977 ባለው ጊዜ 80 የዓለም ክብረ ወሰኖች አስመዝግቧል። የቀድሞውን ክብረ ወሰን ብዙ ጊዜ የሚያሻሽለው በትንሽ በትንሹ፥ አንዳንዴም በግማሽ ኪሎ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምስክር ከአገራችን ነው። ምንም እንኳ ሩጫ ብረት ማንሣት ባይሆን፥ ወሰን የሚገፋበት መንገድ አንድ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1995 የ10,000 ሜትርን ሩጫ በ26 ደቂቃ ከ43.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ሌሎች አሻሻሉት፤ እርሱም መልሶ በ1998 በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ገባ። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 ወደ 26 ደቂቃ ከ20.31 አወረደው፤ በ2005 ደግሞ ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 አደረሰው። እንግዲህ በእነዚህ 10 ዓመታት፥ በዓለም ላይ የታወቁ ጀግኖች እየተቀባበሉ የቀነሱት ጠቅላላ 26 ሰከንድ ነው። እነርሱ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚደሰቱ ከሆነ፥ እኛ በግማሽ ኪሎ አሸዋ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

አሁን ደግሞ ደብተሩ ምን እንደ ነገረን እናውራ።

አንደኛ፥ ማን እንደ በረታ አስተማረን። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት እኅት አለች። መጀመሪያ ቀን 15 ኪሎ ተሸክማ ቁጢጥ ብላ ስትነሣ ጥቂቶቻችን ፈገግ ብለን ነበር፤ ይህንንም በእርሷ ፊት እንናዘዛለን። በዚያው ሳምንት ከመካከላችን ጉልበተኛ የተባለው ወንድማችን 60 ኪሎ ይዞ ጀመረ። የቀኑን ጠቅላላ ሥራ ለማወቅ ክብደቱን በጊዜውና በዙሩ እናበዛዋለን። እርሷ 15 ኪሎ፥ 8 ጊዜ፥ 3 ዙር ስለ ሠራች 360 ኪሎ ሆነ። እርሱ 60 ኪሎ፥ 8 ጊዜ፥ 3 ዙር ሠርቶ 1,440 አገኘ። ከአምስት ወር በኋላ እርሷ 30 ኪሎ በ10 ጊዜ በ3 ዙር፥ ማለት 900 ደረሰች። እርሱ 70 ኪሎ በ8 ጊዜ በ3 ዙር፥ ማለት 1,680 ደረሰ። ብረቱን ብቻ የሚያይ ሰው ዛሬም እርሱ ይበልጣል ይላል፤ እውነት ነው። ገጹን የሚያነብ ግን እርሱ ከነበረው አንድ ስድስተኛ ሲጨምር፥ እርሷ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዳደረገች ያያል። ጀማሪ ቶሎ እንደሚያድግ እናውቃለን፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ኃይል በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው፤ ጡንቻው ራሱ የሚወፍረው ቆይቶ ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ውስጥ ሰውን ከሰው ማወዳደር ቀርቷል። እያንዳንዱ የሚወዳደረው ከራሱ የቀድሞ ገጽ ጋር ነው።

ሁለተኛ፥ ደብተሩ ያለ ምርመራ የተቀበልነውን ነገር አፈረሰብን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጉልበት ይጠፋል ብለን ስለምናምን፥ የምንጾመው አባሎች ብረቱን ልንተው አስበን ነበር። ነገር ግን እየጻፍን እንቀጥል ተባባልን። የሥራውን ሰዓት ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አዛወርነው፤ ሽሮውን፥ ምስሩንና ባቄላውን በደንብ በላን። ሙስሊሞች ወንድሞቻችንም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ እየመጡ ሠሩ። በጾም ወራት ብዙዎቻችን ክብደታችን ባይጨምርም አልቀነሰም። ክብደታችን የወደቀው በጾሙ ሳይሆን በፈተና ሰሞን ነው። በዚያ ሳምንት የእንቅልፉ አምድ «4፥ 3፥ 4» እያለ ይወርዳል፤ በጎኑ የብረቱ ቁጥር ተከትሎት ይወርዳል። የጥቂት ተማሪዎች ደብተር ለሁሉም ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ለእኛ ግን ጾሙን ከመውቀሳችን በፊት መብራት የምናጠፋበትን ሰዓት እንድንመረምር አስገድዶናል።

ሦስተኛ፥ ወሰን መግፋት ምን ማለት እንደ ሆነ አስተማረን። ቀድሞ ወሰን መግፋት ማለት እስኪወድቁ ማንሣት ይመስለን ነበር። አሁን ግን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲቀረን እናቆማለን። ጡንቻ ሲያቃጥልና ሲደክም እንታገሣለን፤ መገጣጠሚያ ወይም ወገብ ሲወጋ ግን ያንኑ ጊዜ ብረቱን እናስቀምጣለን። በየአምስተኛው ሳምንት ክብደቱን ቀንሰን ሰውነታችንን እናሳርፋለን፤ ምክንያቱም ብረቱ ጡንቻን ያደክማል እንጂ አይገነባም፤ የሚገነባው ዕረፍት፥ እንቅልፍና ምግብ ነው።

«እንግዲያውስ የመጨረሻ ጉልበቴን በምን አውቃለሁ?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሒሳብ አለ። ቦይድ ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1985 ያወጣው ቀመር እንዲህ ይላል፤ ያነሣኸውን ክብደት ባነሣህበት ጊዜ ቁጥር አብዛ፥ ለ30 አካፍል፥ ውጤቱን በክብደቱ ላይ ደምር። 40 ኪሎ 9 ጊዜ ያነሣ ሰው፥ 40 በ9 ሲባዛ 360፥ ለ30 ሲካፈል 12 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣ የሚችለው ወደ 52 ኪሎ ገደማ ነው። ግምት ስለ ሆነ ትንሽ ይስታል፤ ከ10 ጊዜ በላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይስታል። ነገር ግን ወገብ አይሰብርም። የቅዳሜውን ውድድር በዚህ ሒሳብ ተክተነዋል።

ደብተርም ቢሆን ይዋሻል፤ ጸሐፊው ከዋሸ። በመጀመሪያው ወር ግማሽ ድረስ ብቻ ወርዶ የተነሣ ሁሉ ሙሉ እያለ ይጽፍ ስለ ነበር፥ ቁጥራችን በድንቅ ሁኔታ አደገ! ስለዚህ አንሺው ራሱ እንዳይጽፍ ደነገግን። ጓደኛው ቆሞ ይቈጥራል፤ ጉድለት ያለበትን አይቈጥርም፤ ቈጥሮም ይጽፋል። ይህ ደንብ በመጀመሪያ ብዙ ጠብ አመጣ። አሁን ግን ከሁሉ የምንወደው ደንብ እርሱ ነው። አጨብጫቢ የነበርነው ሰዎች ምስክር ሆነናል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ሪፖርት ስንጽፍም ይህ ልማድ አብሮን ቢሄድ መልካም ይመስለናል።

በመጨረሻ ወደ ተጎዳው ጓደኛችን እንመለስ። ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ብረቱን ይፈራ ነበር። በባዶው ቧንቧ፥ በ7 ኪሎ ጀመረ። ገጹ በክፍላችን ካሉት ሁሉ ረጅሙ ነው። ሳምንት በሳምንት አንድ ከረጢት በግራ፥ አንድ ከረጢት በቀኝ እየጨመረ ሄደ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ያም ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት 42 ኪሎ 10 ጊዜ በ3 ዙር አንሥቶ፥ ወገቡን ሳይዝ ቀና ብሎ ቆመ። ከእኛ አንዱ «ያን ቅዳሜ ከነበርክበት አሁን ትበልጣለህ?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም ጥቂት አሰበና «የዚያን ቀኑን ማን ያውቀዋል? አልተጻፈም» ብሎ መለሰ። ዝም ብለን ገጹ ላይ 42 ብለን ጻፍን።

ስለዚህ ማኅበሩን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ ወፍጮ ቤት መመላለስ እንዲቀርልን አንድ ሚዛን ይገዛልን። ሁለተኛ፥ የስፖርት መምህሮቻችን በወር አንድ ቀን እየመጡ አነሣሣችንን ያርሙልን፤ ስሕተታችንን በራሳችን ዐይን ብቻ ማየት አንችልም። ሦስተኛ፥ እኅቶቻችን ሳይጨናነቁ የሚሠሩበት ሰዓት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለይ። ለመሞከር የሚፈልግ ሁሉ ብርቱ መሆን አያስፈልገውም፤ እርሳስ ይዞ ይምጣ። ባዶው ቧንቧ 7 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ይጀምራል።